ክንዴ ያሳለፈው ሳሙና

ጥቅምት 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለአውራጃው የማምረቻ ድርጅቶች ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ናዝሬት

ጉዳዩ፦ መስከረም 18 ቀን 1975 ዓ.ም. ያቀረብኩትን ክስ ስለማንሳት፣ ሠራተኛ ዙህራ አብዱልመናን ከአሻጥር ክስ ነፃ እንድትባል እና የአደስ መደብሮች የሳሙና አመራረት እንዲመረመር ስለመጠየቅ

ጓድ ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ገብረወልድ ዘገዬ፣ ዕድሜዬ ስልሳ ስምንት፣ የቀበሌ 08 ነዋሪ፣ የአደስ የገላ ሳሙናና የፀጉር ቅባት መደብሮች የሳሙና ሞካሪ ነኝ። ተማሪ ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ባቡር ጣቢያ ጭነት ስሸከም ከሣጥኖች ላይ ነው። ጽሑፌ የጸሐፊ ባይመስልም ቃሉ የራሴ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው “ማን አስጻፈው?” የሚል እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው።

1. አደስን በ1952 ዓ.ም. ያቋቋሙት ወይዘሮ ሸዋወርቅ የሚባሉ ሴት ናቸው። የቀድሞዋን ባለንብረት ላወድስ አልተነሣሁም፤ በ1967 ዓ.ም. ድርጅቱ የሕዝብ ሲሆን ካጨበጨቡት አንዱ ነኝ። የነበረውን ግን ነበረ እላለሁ። በናዝሬት፣ በሞጆ፣ በመቂና በደራ አራት መደብሮች ነበሩን። የጉሎ ፍሬ የምንቀበለው ከደራ ሴቶች እጅ ነበር፤ መካከል ላይ ደላላ አይገባም። ባዶ ጠርሙሱን ይዞ የመጣ ደንበኛ ቅባቱ ይሞላለታል። ሙሽራ የሚያሰናዳ፣ አራስ የሚጠይቅ፣ ከላንጋኖ የሚመለስ የአዲስ አበባ ሰው ሳይቀር መኪናውን አቁሞ ይገባ ነበር። ሟቿ ባለቤቴ ዘውድነሽ እስከ ዕለተ ሞቷ ሌላ ሳሙና ገላዋን አላስነካችም።

2. በአደስ አንድ ሕግ ነበር። ሳሙና አርባ ቀን መደርደሪያ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ በሰው ክንድ ላይ ሳይሞከር አይሸጥም። ጥንቸል ላይ እንሞክር ብሎ የመጣን አንድ የውጭ ነጋዴ፣ ወይዘሮዋ “ጥንቸሏ እጠቡኝ ብላሃለች?” ብለው ሲሸኙት እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ሞካሪው እኔ ነኝ። አረፋውን የክንዴን ውስጠኛ ክፍል እቀባዋለሁ፣ በጨርቅ እጠቀልለዋለሁ፣ ሦስት ቀን እጠብቃለሁ። ግራና ቀኙን በየተራ ነው የማደርገው። ካሳከከኝ ወይም ካቃጠለኝ ሳሙናው ይመለሳል። ካለፈ “በገብረወልድ ክንድ የተሞከረ” የሚል ማኅተም መጠቅለያው ላይ ይመታል። ገበያ ውስጥ ሳልፍ ሴቶች “ክንዱ መጣ” እያሉ ይስቁ ነበር። አልጠላሁትም።

3. ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩ እየሞተ መጣ። ከደራ ሴቶች ጉሎ መቀበል ቆመ፤ በምትኩ ከምን እንደተጨመቀ የማይታወቅ ዘይት በበርሜል ይመጣልናል። በርሜሉ ላይ ጽሑፍ አለመኖሩ ለምን እንደሆነ ጠይቄ የመለሰልኝ የለም። ጠርሙስ መሙላት ቀረ። የደራውና የሞጆው መደብር ተዘጉ። የመቂው ግማሹ የሽንኩርት ጆንያ ማስቀመጫ ሆኗል፤ ሳሙናው ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ድሮ ሰው ወድዶን ይመጣ ነበር፤ ዛሬ የሚመጣው ሌላ ሳሙና ስላጣ ነው።

4. በ1971 ዓ.ም. ሥራ አስኪያጅ ሆነው የተመደቡት ጓድ መርዳሳ ሆራ የማድረቂያውን ጊዜ ከአርባ ቀን ወደ አሥራ ሁለት ቀን አወረዱት። ምክንያቱ የምርት ዕቅድ ነው ተባለ። በሚገባ ያልደረቀ ሳሙና ገላ ይበላል፤ ኮስቲክ ሶዳው ገና አልበረደም። ይህን ጠቅሼ ለእሳቸውም ለዚህ ጽሕፈት ቤትም ስድስት ማመልከቻ ጽፌአለሁ፤ ለአንዱም መልስ አላገኘሁም። ሳሙናው ግን ክንዴን አላቃጠለኝም። ዙህራ በሙያዋ አስተካክላው ይሆናል ብዬ ከአእምሮዬ ይልቅ ክንዴን አመንኩ። ዙህራ ሳሙናውን የምታበስለውና ለሙከራ የምታቀርብልኝ ሠራተኛ ናት።

5. ባለፈው ነሐሴ የመቂ ነዋሪ የሆነችው ዘርፉ አራስ ልጇን በሳሙናችን ብታጥበው ጀርባው ተላጠ። ሕፃኑን አቅፋ፣ መጠቅለያውን ይዛ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣች። “ክንድዎ እንጨት ነው ወይ?” አለችኝ። ስሜ ያለበትን መጠቅለያ ተቀበልኳት። ሕፃኑ ድኗል፤ ጠባሳው አለ።

እኔ ያሳለፍኩት ሳሙና አያቃጥልም፤ ስለዚህ ለእኔ የሚቀርበውና ለሕዝብ የሚሸጠው ሁለት የተለያየ ሳሙና ነው ብዬ ደመደምኩ። ዙህራን መከታተል ጀመርኩ። ከሥራ ስትወጣ ዘንቢሏን አየሁ። በመንገድ ከማን ጋር እንደቆመች ጻፍኩ። ያገኘሁት ነገር አልነበረም፤ አለማግኘቴን ለጥንቃቄዋ ቆጠርኩት። መስከረም 18 ቀን አሻጥረኛ ናት ብዬ ከሰስኳት። በሁለተኛው ቀን ከሥራ ታገደች። ጉዳይዋ ጥቅምት 20 ቀን እንደሚታይና ልትታሰር እንደምትችል ሰምቻለሁ። የሁለት ልጆች እናት ናት።

6. ጥቅምት 2 ቀን ጠዋት ዙህራ ጎረቤቴን አቶ ሰንበታን ምስክር ይዛ ቤቴ መጣች። ልትለምነኝ የመጣች መስሎኝ በሩን በግማሽ ከፈትኩ። እሷ ግን አንድ የአደስ ሳሙና አውጥታ “አባባ፣ እርስዎ እኮ መልአክ ቢመጣ መታወቂያ ይጠይቁታል። እኔን ግን ሳይጠይቁኝ ከሰሱኝ። በሉ ዛሬ እኩል እንሞከር” አለችኝ። ሳሙናውን ገለባብጬ አየሁት። ማኅተሙ የኔ ነው፤ አልተነካም። አቶ ሰንበታ እያዩ ሁለታችንም ተቀብተን ተጠቀለልን።

ምሳ ሳይደርስ ጨርቁን ስንፈታ የዙህራ ክንድ ቀልቶ ውኃ ቋጥሯል። የኔ እንደነበረ ነው። “ይኸው፤ ሳሙናው ደህና ነው፤ አንቺ ሌላ ነገር ተቀብተሽ መጥተሻል” አልኳት። “ወላሂ አባባ፣ ዓይንዎ ሥር አይደል እንዴ የተቀባሁት?” አለች። እኔ ስከራከር አቶ ሰንበታ የሚፈላ ሻይ የተቀዳበትን ብርጭቆ ክንዴ ላይ አስቀመጡ። እኔም ንግግሬን ቀጠልኩ። ብዙ ከተናገርኩ በኋላ “ጋሼ ገብረወልድ፣ ብርጭቆው ክንድዎ ላይ ነው” አሉኝ። ሲያነሡት የብርጭቆው ክብ ቆዳዬ ላይ ታትሞ ቀርቷል። ይህን እስከምጽፍ ድረስ አለ።

አላመንኩም። ተማክረው መጥተዋል ብዬ አስወጣኋቸው። በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ድሬሰሩ ዓይኔን አስጨፍኖ ሁለቱንም ክንዴን በመርፌ ጫፍ አሥር ቦታ ነካኝ። የቆጠርኩት ሁለት ነው። ለዓመታት የሳሙናና የሶዳ ብዛት ቆዳዬን አጠንክሮ አደንዝዞት ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ።

7. ከዚያ የሙከራ መዝገቤን አወጣሁ። በድሮው ገጽ ላይ “በሁለተኛው ቀን አሳከከኝ፤ ይመለስ”፣ “ጠዋት ደህና፣ ማታ አቃጠለኝ፤ ይመለስ” የሚል በየወሩ አለ። ከጥር 1971 ዓ.ም. ወዲህ ግን ያለው አንድ ቃል ነው፦ “ምንም አልተሰማኝም፤ ይሸጥ።” ከዚያ ወዲህ አንድም ሳሙና አልመለስኩም። ይህን ስጽፍ ሥራው የሰመረ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ስለዚህ ዙህራ ምንም አላደረገችም። የተሰጣትን ዘይት በተሰጣት ጊዜ አብስላለች። ሳሙናውን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፤ የከሰስኳትም እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ቤቷ ሄጄ “ይቅርታዎን እኔ ጋ ሳይሆን በከሰሱኝ ቦታ ይጻፉልኝ” ብላኛለች። ልክ ናት።

8. ጥፋቴን አምኜአለሁ ማለት ግን የማየውን አላይም ማለት አይደለም። ስድስት ማመልከቻዬ መልስ ሲያጣ ዙህራን የከሰስኩበት ሰባተኛው በሁለት ቀን እንዴት ተፈጸመ? ደግሞ በ1972 ዓ.ም. የቆዩት ሠራተኞች ሁሉ በጡረታ ሲሰናበቱ እኔ ብቻ ለምን ቀረሁ? ለሐቀኝነቴ ነው ብዬ ነበር። አሁን አንድ ቀን ትዝ ይለኛል። በዚያው ዓመት ሳላስተውል የሚፈላ በርሜል ተደግፌ ቆሜ ሳለ ጓድ መርዳሳ “ጋሼ፣ ክንድዎ!” ብለው ጮኹ። ዞሬ ምን ሆነ አልኳቸው። ክንዴን አዩት፣ ፊቴን አዩ፣ ከዚያ “ምንም፣ ምንም” ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የማይሰማ ክንድ ማኅተም ሲመታላቸው ኖሯል። ያውቁ ነበር አላልኩም። ይጠየቁ ነው የምለው።

ስለዚህ የሚከተለው እንዲፈጸም በአክብሮት አመለክታለሁ፦

ሀ. የመስከረም 18 ክሴ ተነሥቶ ዙህራ አብዱልመናን ከጥቅምት 20 በፊት ነፃ መሆኗ በጽሑፍ ይሰጣት፤ ወደ ሥራዋም ትመለስ። ለሐሰተኛ ክስ ቅጣት ካለ ተቀባዩ እኔ ነኝ።

ለ. የበርሜሉ ዘይት ከየት እንደሚመጣና አርባው ቀን ለምን እንዳጠረ ይመርመር።

ሐ. ስሜ ያለበት ማኅተም ከዛሬ ጀምሮ አንድም ሳሙና ላይ አይመታ። ሞካሪ ካስፈለገ ክንዷ የሚሰማው ዙህራ ናት፤ ፈቃዷ ከሆነ።

የዚህ ማመልከቻ አንድ ቅጂ በሌላ ሰው እጅ ተቀምጧል። የማን እንደሆነ አልጽፍም።

አባሪ፦ የሙከራ መዝገብ አራት ጥራዝ፣ እንዲሁም ማኅተሜ ያለበት አንድ የአደስ ሳሙና። ጓድ ኃላፊ፣ ውሳኔዎን ከመፈረምዎ በፊት አረፋውን ክንድዎን ቀብተው በጨርቅ ይጠቅልሉት። ሦስት ቀን መጠበቅ አያስፈልግዎትም። እስከ ምሳ ይበቃል።

በሁለቱም ክንዶቼ ለምርመራ ለመቅረብ ዝግጁ ሆኜ፣

ከሰላምታ ጋር

ገብረወልድ ዘገዬ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለዙህራ አብዱልመናን
ለጓድ መርዳሳ ሆራ