ከኮሸሽላው ሥር

ደብረጼን፣ ሐምሌ መጨረሻ

ለአባዬ፣

ጉልበትህ እንዴት ነው? ቅባቱን ትቀባዋለህ ወይስ እንደ ልማድህ ለፈረሱ አሳልፈህ ሰጠኸው? እማዬስ? በጎቹስ ሙቀቱን ቻሉት? እኔ በአካል ደህና ነኝ።

ሥራዬን ለቀቅኩ ብልህ ይቀለኝ ነበር። እውነቱ ግን አስወጡኝ።

የጋዝ ቧንቧ ሲቀብሩ የግጦሻችንን መሃል ገላልጠው የተዉትን መሬት ነገር ነው የማወራህ። እዚያ የዘራሁት ሣር ሃንጋሪ ውስጥ የቀረው ማረሻ ባልደረሰባቸው የጥንት መቃብር ጉብታዎች ላይ ብቻ ነው። ሁለት በጋ ሙሉ ዘሩን በእጄ ለቅሜዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት አረም ይቀድማል፣ ሣሩ ከሥር ነው የሚቆየው፣ አረሙን ከፍ አድርገን እያጨድን እንጠብቅ፣ ከዚያ በጎቹ ይመለሱበታል ብዬህ ነበር። እሺ ብለህ ራስህን ነቀነቅክ።

ሰው ያየው ኮሸሽላውን ብቻ ነው። ጋሼ ሎሪንጽ መጠጥ ቤት በሰው ፊት፣ «ልጅህ አምስት ዓመት የተማረችው እሾህ ለማብቀል ነው እንዴ? ለእኛማ ሳንማርም ይበቅልልናል!» እንዳለህ እማዬ ነግራኛለች። የፓሊንካ አረቄህን ሳትጨርስ ወጣህ አሉ። እኛ ዘንድ መሬቱን አረም ያስወረረ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቀና ብሎ እንደማይቆም አውቃለሁ። ያሳደግከኝ አንተ ነህ።

የዚያን ሳምንት እሁድ እኔ እዚህ ከተማ ነበርኩ። ሰኞ ከአለቃዬ ከኢልዲኮ ጋር ለክትትል ወደ መንደር ስንመጣ ከዳር እስከ ዳር የታረሰ ጥቁር አፈር ጠበቀን። አስተራረሱ ደግሞ! በገመድ የተሰመረ ይመስላል። መሃል ላይ ብቻ ጠረጴዛ የምታህል መሬት ሳትነካ ቀርታለች፤ ውስጧ የወፍ ጎጆ ከነእንቁላሉ።

ኢልዲኮ ጎጆውን አይታ፣ «ለክፋት የመጣ ሰው ለወፍ ብሎ ማረሻ ያነሳል? እዚህ መንደር እንዲህ የሚያደርግ ማን ነው? ስሙን ንገሪኝና ሥራሽን ላትርፍልሽ» አለችኝ። መንደሩ ሁሉ አላየንም ብሏል። ከማረሻህ ኋላ እየሮጥኩ ያደግኩት እኔም እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም አልኳት። ስለዚህ መሬቱን ሳታስጠብቅ ቀረች ተብዬ ከሥራ ወጣሁ። መሬቱም ለበቆሎ ሊከራይ ነው።

ከመሄዳችን በፊት ጎጆው አጠገብ ተንበርክኬ ኮሸሽላውን ገለጥኩት። ሣሩ በቅሎ ነበር አባዬ። እንደ ሕፃን ፀጉር ስስ፣ ግን ጥቅጥቅ ያለ። ያረሰው ሰው አንድ ቀን ቢጠይቀኝ ኖሮ፣ እጁን ይዤ አስዳስሰው ነበር።

አልተቆጣሁም ብል ውሸት ነው። ይህን ያህል ጊዜ ሳልጽፍልህ የቆየሁትም ለዚህ ነው። ደቡብ፣ ከትልቁ ወንዝ ማዶ፣ የድንጋይ ከሰል የተቆፈረበትን መሬት ሣር የሚያለብሱ ሰዎች አሉ፤ ተቀብለውኛል። ገና ሳልደርስ አፈሩን አስባለሁ። ለመከር ግን አትጠብቁኝ።

መሬቱን ማን አረሰው ብሎ የሚጠይቅህ ካለ፣ ልጄ ናት ያሳረሰችው በል። ቀና ብለህ በል።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ፣ እንቅልፍህንም ሰላም ያድርግልህ።

ልጅህ