ቀይ አፈር በአውራው ደረት

ጥር 14፣ ጠዋት

ላንቺ ብቻ ልንገርሽ፣ ማስታወሻዬ። ከጓሮ ተንበርክኬ ጆሮዬን በበጌ ሆድ ለጥፌ ሳለሁ ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ ደረሱብኝ። ሬዲዮ ነው ወይ የምትሰሚው ብለው ሳቁ። ምን ላድርግ? ዳባት በየካቲት እንግዳ ይመጣል አሉ፤ ገ/ማኅበሩ ባዶ ሴት በግ ያለው ሁሉ ለድግሱ ያስረክብ ብሏል። ግልገል የያዘች ትቀራለች። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ከሰዓት

ገ/ማኅበሩ የላካቸው የበግ መርማሪ አያ አላምረው መጡ። እጃቸው አይስትም ይባላል። የእኔዋ ገና ከወንዝ መመለሷ፣ ሆዷ በውኃ እንደ ከበሮ ተነፍቶ። ከግቷ ፊት ሆዷን በጣታቸው ወደ ላይ ገፉ፣ ለቀቁ፣ ጠበቁ። ግልገል ካለ ተመልሶ ጣት ይነካል። ባዶ ናት አሉ። የእትዬ ዘነቡን ግን ገና እጃቸው ሳያርፍ፣ ይዛለች! አያ ደግሞ የእትዬ አበልጅ ናቸው። ገባሽ?

ጥር 15

የእናቴን ዘዴ ያዝሁ። ቀይ አፈር በቅቤ ለውሼ የመንደሩን አውራ በግ ደረት ቀባሁት። ያልያዘች በግ በ17 ቀን ውስጥ አውራ ትፈልጋለች፤ ሲወጣባት ቀለሙ ወገቧ ላይ ይቀራል። እየደረቀ ሲሄድ እደግመዋለሁ። ማንም አላየኝም፤ ይመስለኛል።

ጥር 29

የማን ወገብ ቀላ? የእትዬ ዘነቡ በግ። ደስ አለኝ፤ ካንቺ አልደብቅም።

የካቲት 3፣ ጠዋት

18 ቀን። የእኔዋ ወገብ ንጹሕ። ሊ/መንበሩ ዘንድ ሄጄ በባዶ ሆዷ እንደገና ትታይልኝ አልሁ። እንግዲያውስ አድልዎ እንዳይባል ያንቺም የዘነቡም ትታይ፣ ነገ ማለዳ፣ ሳይግጡ ሳይጠጡ አሉ። ስለ ቀለሙ ልናገር ከአፌ ደርሶ ዋጥሁት። እንጃ።

ከሰዓት

ነገ ቀለሙን ያየ ሁሉ የእትዬዋ ባዶ እንደነበረች ያውቃል፤ አላስችል አለኝ። እንዶድ ወቅጬ የእትዬን በግ ወገብ ሳጥብ ደረሱብኝ፤ አሁንስ አልሳቁም። ቆመው አዩኝና ውኃ አመጡልኝ።

«ልጄ ሊዘምት ሲል የገዛልኝ ናት» አሉ። «ባዶ እንደሆነች አበልጄ ያውቃሉ።»

ምናልባት ከአውራው ወዲህ ይዛ ይሆናል አልኋቸው፤ የአምስት ቀን ጽንስ ላይ ግን የማንም ጣት አይደርስበትም። ለማንም እንደማልናገር ማልሁላቸው። ከዚያ ያስጨነቀኝን አወጣሁት።

«አያ የእኔዋን ነገም ባዶ ናት ቢሉስ፣ እትዬ?»

«እጃቸውን ይዤ እኔው አስነካቸዋለሁ» አሉ፣ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ።

እትዬን ልመናቸው? አላምንም አልልሽም። ነገ ግን ከአያ ጣት ዓይኔን አልነቅልም፤ ምን እንደነካ፣ ምን እንዳሉ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ መጥቼ እጽፍልሻለሁ።