ስለ ትልቋ ምን አሉ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሲያካፋ ዋለ። አንባቢ ጥቂት ነበር። የላይኛውን መደርደሪያ አቧራ አራገፍኩ፣ ጀርባቸው የተላቀቀ ሦስት መጻሕፍት በሙጫ አጣበቅኩ፣ ጥግ ይዘው የሚንሾካሾኩ ሁለት ተማሪዎችን ተቆጣሁ። ከሰዓት በኋላ አዲስ መጻሕፍት በካርቶን መጡ። ኃላፊው ዝርዝሩን ያነባል፣ እኔ ማኅተም እመታለሁ። አሥራ አራተኛው ላይ ስሟን ጠራ።

እጄ ቆመ። ምነው አለኝ። ማኅተሙ ደርቋል አልኩት። ቀለም ሊያመጣ ወደ ጓዳ ገባ።

ሽፋኑ ላይ ፎቶዋ አለ። ፀጉሯን ተቆርጣዋለች። ከጆሮዋ በላይ ሸብታለች። እኔ በልቤ ይዤያት የኖርኩት የሠላሳ ሁለት ዓመቷን ነበር... አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው። ምን ጠብቄ ነበር?

እኔና ትልቋ እህቴ በአባት ስለማንገናኝ ስማችን አይመሳሰልም። እሷ ከሄደች በኋላ እማ ከተማ ቀየረች፣ ስልክ ቀየረች። እዚህ የማን እህት እንደሆንኩ የሚያውቅ የለም። ኃላፊው ቀለሙን ይዞ ሲመለስ መጽሐፏን እንደ ሌሎቹ መታሁት። «ለዚህኛውስ ወረፋ ሳያስፈልገው አይቀርም» አለ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ለእማ ነገርኳት። ሬዲዮኑን ዘጋች። «ወፍራም ነው?» አለችኝ። ሁለት መቶ ሰባ ገጽ አልኳት።

ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ማንበብ አትችልም። ላንብብልሽ አልኳት፤ እንቢ አለች። እሷ የምትለውን አውቀዋለሁ፣ ስትለፈልፍብኝ ነው ያደገችው፣ እኔ የምፈልገው ሰው ምን እንደሚል ነው አለች። ማታ ማታ እየመጣሁ እንድነግራት ቃል አስገባችኝ።

እኔም አላነበብኩትም። ስድስት ሰው ወረፋ ይዟል ብዬ ነው። እውነቱን ልጻፈው? ፈራሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ያደረገችውን ነገር ጽፌው አላውቅም። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ።

ትልቋ የምርጫ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ድምፅ መዝጋቢ ነበረች። ሕዝቡ ሊመርጥ ሁለት ቀን ሲቀረው የአራት አውራጃ ውጤት ተሞልቶ፣ ተፈርሞ፣ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ አገኘች። ቅጂውን አውጥታ ለጋዜጣ ሰጠች። በሦስተኛው ቀን ከአገር ወጣች። ሰው አደባባይ ወጣ። ተተኮሰበት። ያ መንግሥት ከወደቀ ሦስት ዓመት ሆነው። መጽሐፏ መደርደሪያ ላይ መቆም ቻለ። እኛ ግን አልፈለግናትም። እንፈልጋት ባልኩ ቁጥር እማ «የነገውን ማን ያውቃል፣ ቆይ» ትለኛለች። እሷም አልፈለገችንም። የት ብላ ትፈልገን?

የመጀመሪያው አንባቢ ጡረተኛው መምህር ናቸው። በሦስት ቀን ጨርሰው መለሱ። በዚያ ምርጫ ጊዜ የአንድ ጣቢያ ታዛቢ ነበሩ። የሐሰቱ ወረቀት ቀርቦላቸው ፈርመዋል። ይህን የነገሩኝ መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ ቀና ሳይሉ ነው። «ልጄ፣ እሷ ያወጣችውን ወረቀት እኔም በእጄ ይዤው ነበር» አሉ።

ለእማ ነገርኳት። እንደገና ንገሪኝ አለች። ነገርኳት። እንደገና።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

የከተማ አውቶቡስ ሹፌሩ መለሰ። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው ማለት ይቻላል። አገር አቃጥሎ ባሕር ማዶ ተቀምጦ መጽሐፍ መጻፍ ማንም አያቅተውም አለ። ቢነድም እኔ ነኝ እዚሁ ሆኜ መሪ የያዝኩት አለ። ካርዱን ፈረምኩለት። ጆሮዬ ጋለ።

ለእማ ሹፌሩ አጻጻፏን ወደደላት አልኳት። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «እስካሁን ሦስት ሰው አነበበ፣ ሦስቱም አመሰገናት። የሌላ ሰው መጽሐፍ ነው ያመጡላችሁ። የእኔን ልጅማ የሚሰድባት አይጠፋም።»

እውነቱን ነገርኳት። እስኪያስላት ሳቀች። «እሷ ናት» አለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ነርሷ በምሳ ሰዓት መጣች፣ ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ። መጽሐፉን አቅፋዋለች። ምኑም ምኑም ሳይሆን ያስለቀሳት የጸሐፊዋ ብቸኝነት ነው። እህት የላት፣ ወንድም የላት፣ ለእናቷ አንድ... ታማ ብትተኛ ማን ይጠይቃታል አለች።

ምን አልሽ አልኳት።

«ገጽ ዘጠኝ ላይ አለልሽ።»

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ገጽ ዘጠኝ። «ለእናቴ አንድያ ልጅ ነኝ።»

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ወረፋውን ጥሼ ይዤው መጣሁ። ኃላፊው አይቶኛል፤ ሰኞ ይናገረኛል። ይናገረኝ።

ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ቤታችን አለ። የሚያፈሰው ጣሪያ አለ፣ ከሥሩ የምንደቅነው ባልዲ አለ። የእማ ስፌት መኪና አለች። እኔ የለሁም። ፈተና ስታጠና «ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነብ ነበር» ትላለች። ለምን ዝቅ ታደርጋለች? ማን እንዳይነቃ ብላ? ጎርፍ መንገዱን የሞላው ጊዜ «ቦርሳዬን አዝዬ ተሻገርኩ» ብላለች። ቦርሳ አልነበረም። እኔ ነበርኩ። የስድስት ዓመት ልጅ፣ አንገቷን አንቄ ይዤ፣ ጫማዬን ጎርፍ ወስዶት የማለቅስ። ውኃው ወገቧ ድረስ ነበር። ተረት እየነገረችኝ ነበር ያሻገረችኝ።

ያን ሁሉ ዓመት ስናፍቃት... እሷ እኔን በቦርሳ ቀየረችኝ?

የሚገርመው ደግሞ ጽሑፉ ድምፅ አለው። ሳነበው ከጎኔ ተጋድማ የምታወራኝ ይመስለኛል። ተናድጄም ቢሆን እንዳያልቅ ብዬ የመጨረሻዎቹን ገጾች ቀስ እያልኩ አነበብኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

እማ ዛሬስ ምን አሉ አለች። ማንም አልመለሰም አልኳት። ውሸት ነው። ሁለት ሰው መልሷል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው ልብስ ሰፊዋ መጡ። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ። መጽሐፉን ቀስ ብለው አስቀመጡ፣ ካርዳቸውን ግን አልጠየቁም።

«ከፊት እስከ ኋላ ፈለግኩት። የለም» አሉ።

ማን አልኳቸው። ባሌ አሉ። ብረት በያጅ ነበር። ወረቀቱ ጋዜጣ ላይ በወጣ ማግስት ጋዜጣውን አጥፎ ደረት ኪሱ ከትቶ አደባባይ ወጣ። ከጋዜጣው ጋር ነው ያመጡልኝ አሉ። መጽሐፉ ውስጥ ስለዚያ ቀን ያለው አንድ መስመር ነው። እኔም አስታወስኩት። «ብዙ ሰዎች ሞቱ» ይላል።

«ብዙ ሰዎች የሚባል ሰው አላገባሁም» አሉ።

ድምፃቸው አልተነሣም። አልጠላትም አሉ። ወረቀቱን ባታወጣው ኖሮም እንደ ደንቆሮ ተገዝተን ነበር የምንቀረው። ብቻ እሱን እንድታውቀው እፈልጋለሁ፤ ለማን ነው የሚነገረው? ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠየቁኝ።

እኔ ምን አደረግኩ? የመመለሻውን ቀን ማኅተም መታሁ። አመስግኜ ሸኘኋቸው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

አልቻልኩም። ሁሉንም ለእማ ነገርኳት። ልብስ ሰፊዋን፣ የባላቸውን ጋዜጣ፣ ገጽ ዘጠኝን። እህቴ ካደችኝ አልኳት።

እማ የነጠላዋን ጫፍ ስትጠቀልል ቆየች። «አልካደችሽም። እኔ ነኝ ያስካድኳት» አለች።

ከመሄዷ በፊት በቀትር መጥታ ነበር። እኔ ሥራ ነበርኩ። ሁለት ሰዓት እንኳ አልቀራትም፤ ግን እስክመጣ ልትጠብቀኝ ቁጭ አለች። እማ ከወንበር አስነሣቻት። አንዷ ከእጄ ወጣሽ፣ ሌላዋን ተዪልኝ አለቻት። ማንም ቢጠይቅሽ፣ የትም ብትሆኚ፣ እህት የለኝም በዪ፤ ማይልኝ አለቻት። ማለች። ከዚያ በጓሮ በር አስወጣቻት።

«ሳትሳለምሽ ሄደች። ልትጽፍልሽ ወረቀት ጠየቀችኝ፤ እሱንም ከለከልኳት።»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ነገሩን ይዛ አጠገቤ ተቀምጣለች። እንዴት ቻለችው?

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ከእማ ጋር አልተነጋገርንም።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ራሷን ላጥባት ስል ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ውኃው ሞቀሽ አልኳት። ደህና ነው አለች። ከዚያ ያው ተነጋገርን። ሌላ ማን አለኝ?

ገጽ ዘጠኝን ደግሜ አየሁት። መንግሥቱ ወድቆ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ በመጽሐፍ ላይ እንኳ መሐላዋን አላፈረሰችም። ረሳችኝ ያልኩት... ስትጠብቀኝ ኖራለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

በምሳ ሰዓት ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ሄድኩ። የአንድ የትምህርት ቤት ቀሚስ ጠርዝ በመኪና እየሰፉ ነበር። ቆሜ ቀረሁ። ምን ላሰፋ እንደመጣሁ ጠየቁኝ።

«መጽሐፉን የጻፈችው እህቴ ናት» አልኳቸው።

እግራቸው ፔዳሉ ላይ ቆመ። ይህን ዓረፍተ ነገር ከአፌ ያወጣሁት የመጀመሪያ ቀን ነው።

«ያን ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈርቼ።»

«ማንን?»

«እርስዎን።»

ጨርቁን ገፋ አድርገው በርጩማ ሳቡልኝ። ተቀመጪ አሉኝ። ሙሉ የምሳ ሰዓቱን ስለ እሱ ነገሩኝ። ሲበይድ ያፏጫል። ሸሚዙ ሁሉ በብልጭታ የተበሳሳ ነው፤ እሳቸው ሲጥፉ፣ እሱ ሲያቃጥል፣ እንዲህ ሲፎካከሩ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። ጨው የበዛበት ምግብ ሲቀርብለት ዝም ብሎ በልቶ አንድ ማሰሮ ውኃ ይጠጣል፣ አይናገርም። ፖለቲካ አይወድም ነበር። ያን ቀን ለምን ወጣህ ብዬ ልጠይቀው እፈልጋለሁ አሉ፤ አሁንም። እየሳቁ ነበር፣ መሐል ላይ ሳቃቸው ተሰበረ። እኔ እጽፋለሁ። አራት ገጽ ሞላ።

ከሰዓት ዘግይቼ ገባሁ። ኃላፊው ሰዓቱን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

በአሳታሚው አድራሻ ላክሁት። አራቱ ገጽ የበያጁ ነው። ከሥሩ እማ ያስጻፈችኝ፦ «መሐላውን አንሥቼልሻለሁ። በድዬሻለሁ።» የእኔን ስንት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። መጨረሻ ላይ «እኔም አለሁ» ብዬ የቤተ መጻሕፍቱን ስልክ ጻፍኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሲጠራቀም የኖረው ወሬ ሁሉ የት ገባ?

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9

ምንም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

የቢሮው ስልክ ሁለት ጊዜ ጮኸ። አንዱ ከማዘጋጃ ቤት። አንዱ ፋርማሲ የመሰለው ሰው። ሁለቱንም ጊዜ ሮጥኩ። ኃላፊው «ታጭተሻል እንዴ?» አለኝ።

እማ ስለ አንባቢዎቹ መጠየቅ ትታለች። አሁን የምትጠይቀው ስለ ስልኩ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ረፋድ ላይ። አራት ሰው ተሰልፎብኛል፣ ከፊት ጡረተኛው መምህር። ስልኩ ጮኸ። ቤተ መጻሕፍት አልኩ። መልስ የለም። ትንፋሽ ብቻ። ልዘጋው ስል፦

«የበያጁ ስም ሦስተኛዋ ፊደል አትነበብም። ጽሕፈትሽ አሁንም አልተሻሻለም።»

ትንሽ ጎርነን ብሏል። ግን እሷ ናት። ፊደሏን ነገርኳት። ደግማ ስሙን ሙሉውን ጠራችው፣ ቀስ ብላ። ብዙ ሰዎች ያልኩት አንዱንም በስም ስለማላውቅ ነው አለች። ማንን እጠይቃለሁ? ለሁለተኛው እትም ሌሎቹንም ፈልጊልኝ አለች። ሥራ አዘዘችኝ፤ ልክ እንደ ድሮው። እሺ አልኩ። ከዚያ ምንም አላልንም፣ ስልኩንም አልዘጋነውም።

መምህሩ ደኅና ነሽ ልጄ አሉኝ።

«እህቴ ናት፣ ጋሼ» አልኳቸው። በእጄ መጽሐፏን አሳየኋቸው።

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ወደ ኋላ ዞረው ለተሰለፉት «ቁጭ በሉ፣ ይቆያል» አሉ። እሳቸውም ሄደው ተቀመጡ።

እሑድ፣ የካቲት 2

ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ሰው የሞተባቸው ሁለት ሴቶች ይዘው መጥተው ነበር፤ እነሱ ደግሞ ሌሎች አመጡ። ሹፌሩ ሳይቀር መጣ። የሞተበት የአክስቱ ልጅ ነው። እሷን አሁንም አልወዳትም፣ ግን እሱን ጻፉት አለኝ። ሰባት ስም ሆነ።

እማ አሁን በየሳምንቱ ታወራታለች። በሁለተኛው ጥሪ ተጣሉ፣ በሦስተኛው ታረቁ። መቼ እንደምትመጣ አይታወቅም። የተከፈተባት ክስ እስካሁን አልተዘጋም፤ ዳኛ ይቀየራል፣ ቀጠሮ ይቀየራል። ድምፅዋን ሳልሰማ ናፍቆቱ ዝም ያለ ነገር ነበር። አሁን ስልኩ በተዘጋ ቁጥር እንደ አዲስ ትሄድብኛለች። በዚህ ይሻላል? ይሻላል።

ዛሬ ሰባቱን ስሞች አንድ በአንድ አነበበችልኝ፤ በእያንዳንዱ ላይ እየቆመች ሥራው ምን ነበር፣ ዕድሜው ስንት ነበር እያለች። ጨረስን ስል፦

«አንቺስ?»

ታናሽ እህቴ ካልሽ ይበቃል አልኳት።

«እሱንማ ጽፌዋለሁ። ዕድሜሽን ነው የምጠይቅሽ። ሃያ አራት ብዬ ጽፌ ቆም አልኩ።»

«ሠላሳ አምስት» አልኳት።

እስክሪብቶው ሲጭር ይሰማኝ ነበር። ቆመ።