በሣህሌ ተራ ቀን ስለተሠራችው ሞለኪውሌ

ቀን፦ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባርታ የፀሐይ ኃይል ምርምር ማዕከል
ዋና ዳይሬክተር ጽሕፈት ቤት
ቦንጋ

ጉዳዩ፦ የሞለኪውል ዲዛይን ባለቤትነት በዳዶ ተራ መወሰኑ ተሽሮ እንደገና እንዲጣራልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ዳይሬክተር፣

1. እኔ አመልካች አብርሆት እንዳለ በማዕከሉ የኦርጋኒክ ሶላር ሴል ክፍል ረዳት ተመራማሪ ነኝ። ይህን አቤቱታ በታሸገ ፖስታ በእጄ ያመጣሁት መዝገብ ቤቱን ንቄ አይደለም። የቀድሞው ማመልከቻዬ ለክቡርነትዎ መድረሱን ሳላውቅ፣ ውስጡ ያለውን ቃል ከከሰስኩት ሰው ከአቶ ሣህሌ አፍ ስለሰማሁት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ!

2. ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት የእኛ ሶላር ሴል በየጣሪያው ከሚታየው የተለየ ነው። ከካርቦን የተሠሩ ትናንሽ ሞለኪውሎችን አሟሙተን በመስታወት ላይ እንደ ቀለም በስሱ እንቀባለን። ችግሩ ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ጥቂት መሆኑ ነበር። እኔ የሞለኪውሏን ቅርጽ ቀየርኩ። ጫፎቿ ላይ ኤሌክትሮን አጥብቆ የሚስብ ክፍል አስገባሁ፤ ቀድሞ ታሳልፈው የነበረውን ቀይ ብርሃንም መያዝ ጀመረች። ከጎኗ የተንጠለጠሉትን ጅራቶች አሳጠርኩ፤ ሞለኪውሎቹ ተጠጋግተው ተደረደሩና ኤሌክትሪኩ መንገድ አገኘ። ከመቶ ሰባት የነበረው ውጤት አሥራ አንድ ደረሰ። ሁለት ክረምት የለፋሁባት ናት።

3. ክፍላችን የሚሠራው በዳዶ ነው። የካፋ ገበሬ በየተራ አንዱ የሌላውን ማሳ እንደሚያርስ፣ እኛም በአንዱ ተራ ቀን ሁላችንም ለእሱ እንሠራለን፤ ናሙናውም ላይ የባለ ቀኑ ስም ይለጠፋል። ይህን ሥርዓት ለክፍሉ ያመጣሁት እኔ የቢታ ገነቷ ልጅ ነኝ። ከሌላ ክልል ተመድቦ ለመጣው ለባልደረባዬ ለአቶ ሣህሌም ዳዶ ምን እንደሆነ ያስረዳሁት ራሴ ነኝ። እጄን ይቁረጠው!

4. በእኔ ተራ ቀን መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር እንዲነሳ ብጠይቅ የጄኔሬተሩ ኃላፊ ጋሽ ፍቃዱ «ናፍጣ የለም» አሉኝ። በማግስቱ የሣህሌ ቀን ነበር፤ ጄኔሬተሩ ከጠዋት ጀምሮ ሲያጓራ ዋለ። ናፍጣው ሌሊቱን ከሰማይ ወረደ? የሟሟው ውህድ ከዚያ በላይ ቢቆይ ስለሚበላሽ፣ በእሱ ቀን የእኔንም እንድቀባ ለመንኩት። «ምን ችግር አለው እህቴ፣ ቤትሽ ነው» አለኝ። ያኔ ደግነት መስሎኝ መርቄዋለሁ። የሞለኪውሏንም ንድፍ ሁሉም እንዲረዳ ብዬ ነጩ ሰሌዳ ላይ ሣልኩት፤ በማግስቱ ሰሌዳው ተወልውሎ ጠበቀኝ። ሌላ ጊዜ ያ ሰሌዳ ወር ሙሉ የሚወለውለው አያገኝም።

5. ውጤቱ ሲታወቅ ናሙናው በሣህሌ ስም ተመዘገበ። ለክፍሉ ኃላፊ ለዶክተር ሰላሐዲን አቤት ብላቸው «በዳዶ ቀን የተሠራ የባለ ቀኑ ነው፤ ሕጉ የራስሽ አይደለም እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ክቡር ሆይ፣ ዳዶ የሚወጣ ሰው ጉልበቱንና መቆፈሪያውን ይዞ ይሄዳል እንጂ ዘሩን ይዞ አይሄድም። እኔ ሞኟ ዘሬን ይዤ ሄድኩ። በሰው ማሳ መዝራቴ ስህተት ነው፤ ስህተቴ ግን ዘሪውን ሣህሌ አያደርገውም።

6. ቀጣዩን ምዕራፍ የሚመራውና የዶክትሬት ዕድሉን የሚያገኘው የሞለኪውሏ ባለቤት ነው። እኔ ወደ ቀድሞ የማስተማር ሥራዬ እንድመለስ ከወዲሁ እየተወራ ነው። ማስተማር ውርደት ሆኖ አይደለም። የገዛ ሥራዬን የሌላ ሰው ብዬ ለተማሪ ማስረዳት ግን አንጀቴን ያሳርረዋል።

7. ስለዚህ እኔና አቶ ሣህሌ በተለያየ ክፍል ተቀምጠን፣ ጅራቶቹ ለምን እንዳጠሩና ከዚህ ቀጥሎ ምን መቀየር እንዳለበት እንድንጠየቅ፤ ጠያቂውም ከማዕከሉ ውጭ የሆነ ሰው እንዲሆን በትሕትና አመለክታለሁ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱን ለማንም ሳልናገር ይዤው ነበር። ዝም አይነቅዝም ብዬ እስካሁን ቆይቻለሁ።

8. እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ትናንት ግን የመጀመሪያው የሙከራ ፓነል ደካ አጠገብ ቆላ ውስጥ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ሊላክ፣ የማዋለጃ ክፍሉን መብራት ሊያበራ እንደተወሰነ ሰማሁ። የዚያ ክፍል አዋላጅ ይመኙሻል አብሮ አደጌ ናት። ደውላ «ከእንግዲህ በስልክ ባትሪ ማዋለድ ቀረልኝ!» ብላ እልል አለችብኝ። ምን ልበላት?

9. ክቡር ዳይሬክተር፣ ያ ፓነል አይላክ። ያሳጠርኳቸው ጅራቶች በቀትር ሙቀት ሞለኪውሎቹን አይዙም፤ እየተንፏቀቁ ይሰባሰባሉ፣ ኃይሉም በሳምንታት ውስጥ ይወድቃል። ላቦራቶሪያችን ቀዝቃዛ ስለሆነ እዚያ አይታይም። መፍትሔው ከሞለኪውሏ አጥንት፣ ከካርቦን ሰንሰለቷ መካከል ላይ አንድ ቅርንጫፍ ያለው ጅራት መጨመር ነው፤ ጫፎቹ አይነኩ። ንድፉን ከዚህ ወረቀት ጀርባ ሥዬዋለሁ።

በተራ ቁጥር 7 የጠየቅሁት ፈተና ከእንግዲህ ዋጋ የለውም፤ ይህን ደብዳቤ ያነበበ ሁሉ መልሱን ያውቃል። ሣህሌም ጭምር፤ ማንበቡ እንደማይቀር እጠረጥራለሁ። ያንብበው። ብቻ ነገ ጠዋት የማስተካከሉን ሥራ ይጀምር፤ ይመኙሻል ምጥ የያዛትን ሴት በጨለማ እንዳትቀበል።

በአክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
አብርሆት እንዳለ