በካርታ ላይ ስለ ተገኘው አሥራ አራት ቁጥር ክፍል

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር
ባሉበት

የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ታግደዋል። የዕግድ ደብዳቤው «አሥራ አራት ቁጥር ክፍልን ያለ ፈቃድ ከፍተው ለተማሪዎች አሳይተዋል» ይላል።

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነትና በዚህ ሳምንት ከእንግዶች ጋር ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ለዋለው ጉልበትዎ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። እኔ የስድስተኛ «ለ» የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህር ስሆን፣ ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለመጻፍ የተገደድኩት በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ያስገባኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች «ለፋይል» ተብለው ስለ ተመሩ ነው። ፋይሉ ካነበባቸው በኋላ ምን እንዳለ እስካሁን አልሰማሁም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ባለፈው ወር የካርታ ትምህርት ላይ ደርሰን ነበር። መጽሐፉ የሚያስተምረው ልጆቹ አይተውት በማያውቁት የባሕር ወደብ ስለሆነ፣ በየቀኑ የሚረግጡትን ግቢ ቢስሉ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። የሜትር መለኪያ ስላልነበረን በማስመሪያ እየለካን በየሜትሩ የቋጠርነው ሲባጎ አዘጋጀን። አርባ ሦስቱም ልጆች የእርምጃቸውን ርዝመት በሲባጎው ለኩ፤ ከዚያም ግቢውን በእርምጃ ቆጥረው፣ ሁለቱን ሜትር ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር አሳንሰው፣ በአራት አሮጌ የቀን መቁጠሪያዎች ጀርባ ላይ ሳሉት። ከሁሉም እርምጃዋ የማይዛነፈው፣ ጓደኞቿም «ሜትር» የሚሏት የዘበኛችን ልጅ ናት። እኔ ያዘዝኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዓይናችሁ ያያችሁትን አስገቡ አልኳቸው። ጥፋቴም ይኸው ነው።

ልጆቹ ቃሌን ጠበቁ። ከግቢው መሐል ያለውን ቧንቧ «ውሃ የለውም»፣ በበሩ ላይ ቤተ መጻሕፍት የተባለውን ክፍል «የተሰባበረ ወንበር»፣ አሥራ አራት ቁጥርን ደግሞ «ያልተከፈተ ኮምፒውተር፣ ሃያ ሁለት ካርቶን» ብለው ጻፉበት። ማክሰኞ ሊጎበኙን ከመጡት እንግዶች አንዷ፣ እርስዎ ባዘጋጁላቸው መንገድ ሲያልፉ ግድግዳ ላይ በሰቀልነው ካርታ ፊት ቆሙና ጣታቸውን አሥራ አራት ቁጥር ላይ አድርገው «እስቲ ይህን ክፍል ያሳዩኝ» አሉ። ቁልፉ ሳይገኝ የቆየበትን አርባ ደቂቃ እርስዎም አይረሱትም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. ረቡዕ ጠዋት ካርታውን በገዛ እጅዎ ከግድግዳ አንሥተው፣ ከጸደቀው የትምህርት ቤቱ ፕላን ጋር ስለማይጣጣም ልጆቹ በፕላኑ መሠረት እንዲያርሙት በማዘዝዎ አመሰግናለሁ። በፕላኑ ላይ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ላቦራቶሪ አለ። ልጆቹን ይዤ ሄጄ ፈለግነው፤ ያገኘነው ሣርና አንድ የዛገ በርሜል ነው። «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለውን ተረት ሳስተምር ዘመኔን ሁሉ ያጣሁትን የትምህርት መርጃ ሰጥተውኛል።

2. ኮምፒውተሮቹ ሦስት ዓመት ሙሉ የልጅ እጅ ሳይነካቸው መቆየታቸው የጥንቃቄዎ ፍሬ ነው። የካርቶኖቹ ፕላስተር እንኳ ንቅንቅ አላለም።

3. ወደ ዘበኛችን ልምጣ። ለአሥራ አራት ቁጥር ያሉት ቁልፎች ሁለት ሲሆኑ፣ አንዱ በእርስዎ መሳቢያ፣ ሌላው በንብረት ክፍል ኃላፊው ኪስ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ዘበኛችን የያዙት የዋናውን በርና የመጸዳጃ ቤቱን ብቻ ነው። ልጆቹ ካርቶኖቹን የቆጠሩት ጥጉ በተሰበረው የጓሮ መስኮት በኩል፣ ድንጋይ ላይ ተራ በተራ እየቆሙ ነው። መጀመሪያ ሃያ አንድ መጣልን፤ ከበሩ ጀርባ ያለችውን ዘለን ኖሮ እንደገና ቆጠርን። አጠገባቸው ቆሜ ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ይህንን ለእርስዎ በቃል ነገርኩ፤ በጽሑፍም አስገባሁ። ዘበኛችንም ተጠርተው ቁልፉ እጄ ገብቶ አያውቅም ቢሉ፣ በጽሑፍ ያቅርቡ ተባሉ። መጻፍ ስለማይችሉ እኔ ጻፍኩላቸው። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ሆኖ በመገኘቱም ወረቀቱ ሁለታችን ለመመሳጠራችን ማስረጃ ሆኖ ተያያዘ። አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ አይቻለሁ፤ ዳዋው ለምን ተመታሁ ብሎ በማመልከቱ ድጋሚ ሲመታ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ዓርብ ጠዋት ሌሎቹ ለዕረፍት ሲወጡ ሜትር ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። «ቲቸር፣ አባዬን ያስባረርኩት እኔ ነኝ?» አለችኝ። አይደለሽም አልኳት። ካርታውን ያሰመረችበትን እርሳስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ከአሥራ ስምንት ዓመት የማስተማር ሥራዬ በኋላ አንድ ልጅ ትክክለኛ ልኬት በመውሰዷ እንድትጸጸት ማድረግ የሚቻል መሆኑን ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ፣ ይህንንም ከውለታዎ ቆጥሬዋለሁ።

4. የሚታገድ ሰው የግድ ካስፈለገ፣ አድራሻዬ የታወቀ ነው። ከስድስተኛ «ለ» ሰሌዳ ፊት ለፊት በማንኛውም የሥራ ሰዓት ያገኙኛል። መጻፍም ስለምችል ለዲሲፕሊን ኮሚቴው ድካም አልበዛም።

በሩ ለሁሉም ክፍት መሆኑን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንብቤ ሦስት ጊዜ ተዘግቶ ላገኘሁት ጽሕፈት ቤትዎ ያለኝ አክብሮት ሳይጓደል፣ የሥራ ዘመንዎ በጸደቀው ፕላን ላይ እንዳለው ላቦራቶሪ የደመቀ እንዲሆን እየተመኘሁ፣

ታዛዥዎ
የስድስተኛ «ለ» የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህር

ግልባጭ፦
ለወላጆች ኮሚቴ
ለመምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ
ለፋይል፣ እንደ ልማዱ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በዋናው በር ላይ የዘበኛ ቅጥር ማስታወቂያ ተለጥፎ አነበብኩ። ምዝገባው የሚያበቃው ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ዘበኛችን ጥፋተኛ መሆን አለመሆናቸውን ለመወሰን የሚሰበሰበው በዚያው ዕለት በሦስት ሰዓት ነው።