በራሳቸው ጉዳይ ያልተጠየቁት ሽማግሌ፦ የአቶ ሸምሱ ጀይሉ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሸምሱ ጀይሉ ከአባታቸው ከአቶ ጀይሉ ሙሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ረቢአ ሰይድ በ1948 ዓ.ም. ከከሚሴ ወረድ ብሎ በጨፋ ሸለቆ፣ የቦርከና ወንዝ በሞላ ቁጥር ከብቱ ወደ ዳገቱ በሚሸሽበት መንደር ተወለዱ። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ሴት ልጃቸው ዓዲላ ናት። በተዝያው፣ በለቅሶው ድንኳን፣ እንዲያነበው የተመረጠው ዘመዳችን ድምፁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ያልጣመውን መስመር መዝለል ይወዳል። ስለዚህ ጽሑፉ ታትሞ በየእጃችሁ ተሰጥቷል። ከዘለለ ይታወቅበታል።

አቶ ሸምሱ በልጅነታቸው ቁርኣን ቀሩ፤ ከዚያም ከሚሴ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ትምህርቱን ያቋረጡት አባታቸው ወገባቸውን ታመው እርሻው ሰው በማጣቱ ነበር። ማሽላና ጤፍ አረሱ፤ ኋላም ከሰንበቴ ከብት እየገዙ የሚሸጡ ነጋዴ ሆኑ። በ1975 ዓ.ም. ወይዘሮ ዓፊያን አግብተው ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። በ1986 ዓ.ም. ቤታቸውን ወደ ከሚሴ ከተማ አዛወሩ።

በዚህ ቦታ ላይ ሟች ሁሉ ደግ፣ ትዕግሥተኛና ሰው አክባሪ ነበሩ ተብሎ ይጻፋል። አቶ ሸምሱ ሰው አክባሪ ነበሩ። ትዕግሥታቸውን ግን ከቤት ውጭ ጨርሰው የሚመጡ ሰው ስለነበሩ እኛ ጋ የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው። ወጥ ጨው ካነሰው ሰሐኑን ገፋ ያደርጉ ነበር። ይህንን የምናነሳው ሙት ለመውቀስ አይደለም፤ ጨው ኋላ በታሪካቸው ውስጥ የራሱ ድርሻ ስላለው ነው።

በአገሩ ሰው ዘንድ የሚታወቁት «አባ አሚን» በሚል ስም፣ በሽምግልናቸው ነው። በግጦሽ፣ በውሃ፣ በደምም የተጣሉ ሰዎችን ለማስታረቅ ሲጠሩ ባቲ ድረስ ይሄዱ ነበር። የሚሸመግሉበት ወግ ጥብቅ ነው። ፋቲሓ ተቀርቶ ሸንጎው ከተቀመጠ በኋላ ሽማግሌ ከቦታው አይነሳም። ለሽንትም ቢሆን ከተነሳ «ከአንዱ ወገን ሊመካከር ሄደ» ይባላል፤ እርቁም ይፈርሳል። ደግሞም ባለጉዳይ ሳይጠየቅ አይናገርም። ሰው ቆሞለት ሲናገርለት ዝም ብሎ ይሰማል፤ በመጨረሻ ግን ሽማግሌው ወደ ራሱ ወደ ባለጉዳዩ ዞሮ «አቲ ሆ ማል ጄታ? አንተስ ምን ትላለህ?» ይለዋል። አቶ ሸምሱ ይህን ሳይጠይቁ አንድም ፍርድ አልሰጡም። በነፍስ የተፈላለጉ ሰዎች እንኳ ከእሳቸው ፊት ተራ ደርሷቸው ተናግረዋል።

በ2008 ዓ.ም. ነስር አላቆም ብሏቸው ሆስፒታል ሲወሰዱ ደም ግፊት ተገኘባቸው። የወሰዳቸው የበኩር ልጃቸው ሙሀመድአሚን ነው። ወንድሜ አባቱን ይወዳል፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐኪም ፊት በቀረቡ ቁጥር እሱ ቆሞ ይመልስ ጀመር። ሐኪሙ «መድኃኒቱን ይወስዳሉ?» ሲል «ይወስዳሉ ዶክተር»፤ «ጨው ቀንሰዋል?» ሲል «ቀንሰዋል ዶክተር»። ጨው ለመቀነሱ ሰሐን የሚገፋባትን እናታችንን ማን ጠየቀ? አቶ ሸምሱ አጠገቡ ተቀምጠው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ሰው ሲናገርላቸው ጣልቃ መግባት ነውር ነውና፣ ሐኪሙ ወደ እሳቸው ዞሮ «እርስዎስ?» እስኪላቸው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። አላላቸውም።

ግፊታቸው አልወርድ አለ። በአንድ ኪኒን የተጀመረው ሁለት፣ ከዚያም ሦስት ሆነ። ከሦስቱ አንዱ የሚያሸና ነበር። እሱን በጠዋት የዋጠ ሰው እስከ ቀትር መቀመጫ የለውም። ስለዚህ አቶ ሸምሱ ሸንጎ ባለበት ቀን ይተዉታል፤ ሸንጎ የሌለበት ሳምንት ደግሞ ጥቂት ነው። ይህንን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሐኪሙ ግፊቱን ለክቶ በሽተኛው ሳይሆን ግድግዳው የሚሰማው ይመስል «እነዚህ ሰዎች መድኃኒት አይወስዱም፤ ሲሞቱ ግን እኛን ይከሳሉ» ብሎ ተናገረ። ሙሀመድአሚን ይቅርታ ጠየቀ። ሰባ ሽማግሌ የሚነሳላቸው ሰው እንደ ሰነፍ ተማሪ ተገስጸው ወጡ። ቤት ሲደርሱም ለማንም አልተናገሩም፤ ኩራታቸው አይፈቅድም።

በ2013 ዓ.ም. ክትትላቸው ወደ ሌላ ጤና ተቋም ሲዛወር ዶክተር ሶፍያ የምትባል ወጣት ሐኪም አገኙ። ሙሀመድአሚን እንደ ልማዱ ሊመልስ ሲጀምር «አንተ ውጭ ቆይ፤ መድኃኒቱን የሚውጡት እሳቸው ናቸው» አለችው። ከዚያም ወንበሯን ወደ አባታችን አዙራ «አባ፣ ይሄን መድኃኒት መውሰድ የሚያስቸግርዎ መቼ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። አምስት ዓመት የተጠበቀችው ጥያቄ ይህች ናት። አቶ ሸምሱ ተናገሩ፤ ይህን ለእኛ የነገረችን ኋላ ለለቅሶ መጥታ ነው። ስለ ሸንጎው፣ ስለ ፋቲሓው፣ ስለ ሰሐኑ፣ ስለ ሰንበቴ መንገድም ተናገሩ። ውጭ ተራ የሚጠብቀው ሰው በሩን እስኪያንኳኳ ድረስ ሰማቻቸው። ከሰማች በኋላም «ይሁን» ብላ አልተወችም። መድኃኒቱ ሲዘለል በአንጎላቸው ላይ ምን ሊደርስ እንደሚችል ሳትደብቅ ነገረቻቸው። «የሚያሸናውን ከሸንጎ መልስ፣ ከዓስር ሰላት በፊት ቢውጡትስ? ወይስ የሚሻል ሰዓት አለ?» አለቻቸው። አቶ ሸምሱ «እሱ ይሻላል፤ ቃሌ ነው» አሉ። ጨውንም በራሳቸው ቃል ቀነሱ፤ ሰሐን መግፋትም ቀረ። በጥቂት ወራት ውስጥ ግፊቱ ወረደ። አዲስ ተአምር አልመጣም፤ ኪኒኖቹም ያው የበፊቶቹ ነበሩ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ዶክተር ሶፍያ ተዛወረች። ሙሀመድአሚን አባቱን የተሻለ ወዳለው ሐኪም ወሰዳቸው። የተሻለ የተባለው ሐኪም ሦስቱን መድኃኒት በአንድ ላይ የያዘ ኪኒን አዘዘ፤ በጠዋት በጠዋት አንድ ብቻ። ሙሀመድአሚን ደስ ብሎት ከአዲስ አበባ አስመጣ። ሁለቱም መልካም ያደረጉ መስሏቸዋል። አንዱን እንኳ «ይህ ሰው ሦስቱን ኪኒኖች ለያይቶ የሚውጠው ለምን ይሆን?» የሚል ሐሳብ አልጎበኘውም። አቶ ሸምሱ እንደ ወጋቸው ተራቸውን ጠበቁ። የሚያሸናው ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሏልና፣ «በጠዋት» የተባለውንም ከሸንጎ መልስ መዋጥ ይቻል እንደሆነ የነገራቸው የለምና፣ ከዚያ ወዲያ ሸንጎ በሚውሉበት ቀን የሚተዉት አንዱን ሳይሆን ሦስቱንም ሆነ።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ አፍ የላቸውም እንዴ?» ትላላችሁ። ለቅሶው ቤት ውስጥም ሲባል ተሰምቷል። አፍ ነበራቸው፤ ግማሾቻችሁ ዛሬ በሕይወት የተቀመጣችሁት በዚያ አፍ ነው። ጠይቁኝ ብሎ መለመን ግን አያውቁም ነበር። ጠያቂ ባለበት ሸንጎ ያደገ ሰው ጠያቂ የሌለበት ሐኪም ቤት ገብቶ ጠፋ። ያን ኩራት እኔ ልጃቸው አልወደውም፤ ገድሏቸዋልና። ብቻውን ግን አልገደላቸውም።

በጥር 2017 ዓ.ም. በግመል ሰበብ ነፍስ ጠፍቶ የተጣሉ ወገኖችን ለማስታረቅ ሰንበቴ ሄዱ። ሸንጎው ሳምንቱን ሙሉ ዘለቀ። ወገኖቹ ታርቀው የመዝጊያው ዱዓ ሲደረግ አቶ ሸምሱ እጃቸውን ዘረጉ፤ ቀኙ አልነሳ አለ። በስትሮክ መመታታቸው ሆስፒታል ሲደርሱ ተነገረን። ከዚያ በኋላ አንደበታቸው አልተመለሰም።

ያን ጊዜ ሁሉም ይጠይቃቸው ጀመር። ሐኪሙ አልጋው ላይ ጎንበስ ብሎ «አባቴ፣ የት የት ያምዎታል?» አላቸው። ሙሀመድአሚን «አባ፣ ምን እናድርግልህ?» እያለ አለቀሰ። ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶች ሳይቀሩ «ምን ይፈልጋሉ?» ብለው ተሰለፉ። አቶ ሸምሱ ሁሉንም በየተራ አዩአቸው። ዓይናቸው ላይ ምን እንደነበረ ያየነው እናውቃለን፤ ምስጋና አልነበረም።

አቶ ሸምሱ ጀይሉ ዓርብ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ይህችን ዓለም ተሰናብተው፣ ከዓስር ሰላት በኋላ ከሚሴ ተቀበሩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዓፊያን፣ ልጆቻቸውን ሙሀመድአሚንን፣ ዓዲላን፣ ሱዓድንና ሰልማንን፣ እንዲሁም የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

ስለ ወይዘሮ ዓፊያ አንድ ነገር ሳይነገር ይህ ወረቀት አይታጠፍም። በቀብሩ ማግስት ራሳቸውን አዙሯቸው ሲለኩ የእሳቸውም ግፊት ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ትናንት ወንዶች እዚሁ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ወደ የትኛው ሐኪም እንደሚወሰዱ፣ ምን ዓይነት መድኃኒት እንደሚገዛና ማን ይዟቸው እንደሚሄድ መክረው ጨረሱ። እናታችን ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ሁሉንም ይሰሙ ነበር። መጋረጃውን ገልጦ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያለ ሰው የለም። ኢዳ ላይ፣ ባሏ ሞቶ ከቤት በማትወጣበት ወራት፣ ላለች ሴት ለሕክምና መውጣት አልተከለከለም፤ ይወጣሉ፤ ሐኪሙ ፊትም በራሳቸው አንደበት ይናገራሉ። ሊመልስላቸው የሚፈልግ ሁሉ ውጭ ይጠብቅ። ሙሀመድአሚንም ውጭ ይጠብቅ።

ለአባታችን ዱዓ አድርጉላቸው። አላህ ወንጀላቸውን ይማር፤ ቀብራቸውን ያስፋው። በዚያ በቀብር ቤት መላእክቱ የሚጠይቁት ባለቤቱን ራሱን ነው፤ ልጅም ዘመድም ቆሞ አይመልስለትም። አላህ አንደበታቸውን ይፍታላቸው፤ አሚን።