ከገጹ ሥር የጻፍሽው

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ነሽ እታለም? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ? ያ ሳቂታው ልጅሽስ እንዴት ነው? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ብቻ እምቢ ብሎኛል። ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለጋት ብለሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ቁጥሬን ሰው ሁሉ ይዞት መዓት ሲያወርድብኝ ጊዜ ስልኬን ዘጋሁት። ከሰው ስልክ ብደውልልሽ ደግሞ አንቺ የማታውቂውን ቁጥር ከምታነሺ ሞትሽን ትመርጫለሽ። በቢሮው ኮምፒውተር እንዳልጽፍልሽ አለቃዬ ያነበዋል። ስለዚህ በፋብሪካችን ሾፌር እጅ ላክሁልሽ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ የወተት ፋብሪካውን የኢንተርኔት ገጽ እጽፋለሁ። ደንበኛ ሲያመሰግን ልብ እልካለሁ፣ ሲሳደብ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» እላለሁ። ጽሑፉ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ሰሞኑን አንዲት እናት ልጇ ወተታችንን ጠጥቶ ሆስፒታል መግባቱን ጻፈች። ሌሎችም ተከተሏት። አለቃዬ ቢሮዬ ገብቶ በሩን ዘጋና፣ ወተቱ ተመርምሮ ንጹሕ ሆኗል ብለሽ ጻፊ አለኝ። ውጤቱን ልየው ስለው፣ እሱ የአንቺ ሥራ አይደለም አለኝ። ጻፍኩት።

ይኸኔ አንቺ ከተፍ አልሽ! ያ ሁሉ ሰው በሚራገምበት መሃል፣ «የእኔ አንበሳ! ይህን የጻፈችው ታናሽ እህቴ ናት» ብለሽ፣ የምረቃ ፎቶዬን ለጥፈሽ፣ ታግ አድርገሽኝ ቁጭ። ልማድሽን አላጣሁትም። በባንክ ማስታወቂያ ሥር እንኳ «እሰይ፣ ተባረኩ» ስትይ አይቼሻለሁ። የሰፈር ሰው ብቻ የሚያነበው ይመስልሻል። ክፋት የለብሽም፣ አልተቀየምኩሽም። ግን ጉድ አደረግሽኝ።

ፎቶዬን «ይቺ ናት ውሸታሟ» እያሉ ተቀባበሉት። ትናንት አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ስልኳን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ልጇን አንሥታ ወደ ወዲያኛው ጎኗ አዞረችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቤትሽን እናውቀዋለን ብሎ የጻፈልኝም አለ፤ ቁም ሳጥኑን ገፍቼ በሩ ላይ አስደግፌዋለሁ። በደረጃው ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ። ፈርቻለሁ እህቴ፣ በጣም ፈርቻለሁ። አለቃዬማ ተመችቶታል። ስምሽ አንዴ ወጥቷል፣ ቀጣዩንም መግለጫ በራስሽ ስም አድርጊው አለኝ።

እባክሽ የጻፍሽውን አጥፊልኝ ልልሽ ነበር ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት። ዛሬ ጠዋት ግን በቢሮው ኮምፒውተር ሌላ ፎቶ መለጠፍሽን አየሁ። ልጅሽ የእኛን ወተት ይዞ፣ ከንፈሩ ላይ ነጭ ጢም አብቅሎ ይስቃል። «አክስቱ ንጹሕ ነው ብላለች፣ እኛም እየጠጣን ነው» ብለሽበታል።

እዚህ ለሠራተኛ በየቀኑ ነጻ ወተት ይታደላል። ድሮ ወረፋ ያዙ ብንባል እንኳ እንጋፋ ነበር። ሰሞኑን ሳጥኑ ኮሪደር ላይ እንደሞላ ይውላል። ወተቱን የምትመረምረው የላቦራቶሪዋ ሴትዮ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ታልፈዋለች። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም።

እታለም፣ ቤት ያለውን ወተት ድፊው። ለጎረቤት አትስጪ፣ አፍልተሽም አትሞክሪው። ልጁ ሆዱን ካመመው፣ ካስመለሰው፣ ካተኮሰው፣ ነገ አትበይ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው። የእኔ ስም ይቆየኝ፤ የፈለጉትን ይበሉኝ።

ሾፌሩ መልስ ይዞልኝ እንዲመጣ ለምኜዋለሁ፣ በር ላይ ይጠብቅሻል። እኔ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። «ደህና ነው» ብለሽ ጻፊልኝ። ግን እንደ እኔ አትጻፊ፤ መጀመሪያ ገብተሽ ልጁን እዪው።

ፈጣሪ ልጃችንን ይጠብቅልን፤ እጁን ከቤትሽ አያንሣ።

የእናትሽ ልጅ፣ ታናሽሽ